ዋይፋይ መኝታ ቤት ድረስ እንዲደርስ በአሮጌ ራውተር እንዴት እናግዘው?

ሳሎን ተቀምጣችሁ ቪዲዮው ያለችግር ይሄዳል። መኝታ ቤት ስትገቡ ግን ያቺ ክብ ምልክት መሽከርከር ትጀምራለች። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የኢንተርኔት ፍጥነት ለማስጨመር ይሮጣል። ችግሩ ግድግዳ ላይ የሚዳከመው ሲግናል ከሆነ ግን የተጨመረው ፍጥነት መኝታ ቤት አይደርስም። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ራውተር ካላችሁ እሱ ይሻላል።

በቅድሚያ ዋናው ራውተር የት እንዳለ እዩ። ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ወለል ላይ ከሆነ ወደ ቤቱ መሀል አምጡትና ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጉት። ብረት ያለበት ኮንክሪት፣ ትልቅ መስታወት፣ ፍሪጅ ሲግናሉን ክፉኛ ያዳክሙታል። አንዳንዴ ችግሩ በዚሁ ይፈታል።

ካልተፈታ አሮጌውን አውጡት። ከመነካካታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ በአንድ ቤት ውስጥ አይፒ አድራሻ (እያንዳንዱ ስልክና ኮምፒውተር በኔትወርኩ ላይ የሚለይበት ቁጥር) የሚያድለው አንድ ራውተር ብቻ መሆን አለበት። ሁለተኛው የመጣለትን ብቻ ያሰራጭ። ሁለቱም ማደል ከጀመሩ ስልካችሁ «ተገናኝቷል» እያለ ኢንተርኔት ግን የለም። ሰው ግማሽ ቀን የሚለፋው እዚህ ጋ ነው።

አሮጌው ራውተር ላይ ያለችውን የሪሴት ቀዳዳ በቀጭን ነገር 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። የድሮው ቅንብር ይጠፋል። ከዚያ ኮምፒውተራችሁን በኬብል ከአንዱ የላን (LAN) ቀዳዳ ጋር፣ ማለትም የቤት ውስጥ መሣሪያዎች ከሚሰኩበት ጋር፣ አገናኙ። ከዋናው ራውተር ጋር ገና አታገናኙት። ብራውዘር ላይ፣ ከራውተሩ ሥር የተጻፈውን አድራሻ አስገቡ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው።

ውስጥ ስትገቡ «አክሰስ ፖይንት» (Access Point) የሚል ምርጫ፣ ማለትም ራውተሩን የመጣለትን ብቻ እንዲያሰራጭ የሚያደርገውን፣ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። አብዛኛውን ሥራ ራሱ ይጨርስላችኋል። ከሌለ በእጅ እንሠራዋለን፤ ቅደም ተከተሉን ግን አደራ።

መጀመሪያ የዋይፋዩን ስም፣ ፓስወርድና የደህንነት ዓይነት ልክ እንደ ዋናው አድርጉ። ያኔ ስልካችሁ እንደ አዲስ ፓስወርድ ሳይጠይቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። ቻናሉ፣ ማለትም ራውተሩ ሲግናል የሚልክበት መስመር፣ ግን ይለያይ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ 1፣ 6 እና 11 እርስ በርስ አይረባበሹም። ዋናው 1 ላይ ከሆነ ይሄኛውን 6 ወይም 11 ላይ አድርጉት።

ቀጥሎ የራውተሩን የራሱን አይፒ ቀይሩ። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይሄ 192.168.1.2 ይሁን። ዋናው ለስልኮች ከሚያድላቸው አድራሻዎች ውስጥ ግን እንዳይሆን አረጋግጡ። ሴቭ ስታደርጉ ገጹ ይቋረጣል፤ አትደንግጡ፣ በአዲሱ አድራሻ ተመልሳችሁ ግቡ።

በመጨረሻ ዲኤችሲፒን (DHCP)፣ ማለትም ያንን አይፒ አድራሻ የማደል ሥራ፣ አጥፉ። መጨረሻ ላይ ያደረግነው ያለምክንያት አይደለም። እሱ ከጠፋ በኋላ ኮምፒውተራችሁ ከዚህ ራውተር አድራሻ ስለማያገኝ ተመልሶ መግባት ያስቸግራል።

አሁን ከዋናው ራውተር ላን ቀዳዳ ወደ አሮጌው ላን ቀዳዳ ኬብል ዘርጉ። ዋን (WAN) የሚለውን፣ ኢንተርኔት ከውጭ የሚገባበትን ቀዳዳ ተዉት። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ስለሚያደርስ ለቤት ከበቂ በላይ ነው።

ኬብል መዘርጋት አሰልቺ ነው፤ እኔ ግን ከገመድ አልባ ሪፒተር፣ ማለትም የዋይፋይ ሲግናል ተቀብሎ መልሶ ከሚያሰራጭ መሣሪያ፣ አስበልጠዋለሁ። ሪፒተር ሲግናል ባለበት መሀል ቦታ መቀመጥ አለበት። በአንድ ሬዲዮ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ እየተቀበለ እየላከ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። በኬብል የተገናኘውን ግን ሲግናል የሞተበት ክፍል ውስጥ ራሱ ታስቀምጡታላችሁ።

መኝታ ቤት ገብታችሁ ሞክሩት። ስልኩ የሳሎኑን ደካማ ሲግናል ሙጭጭ ብሎ ከያዘ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩት። የቱን ራውተር እንደሚይዝ የሚወስነው ስልኩ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ካስቸገራችሁ የዋናውን የማሰራጫ ኃይል ትንሽ ቀንሱለት፤ ቶሎ ይለቀዋል።