መኪና የሚያዞረውን ልጅ ይዞ ከለገጣፎ ደብረ ሲና መድረስ

ልጅ መኪና ውስጥ ሲያስመልሰው ሁሉም የሚያየው ልጁን ነው። «ምን አብልታችሁት ነው?» ይባላል፤ «ድሮም ሆዱ ደካማ ነው» ይባላል። እኔ መጀመሪያ የማየው የሾፌሩን እግር ነው።

ለገጣፎ ነው የምኖረው። ጠዋትና ማታ የተማሪ ሰርቪስ እነዳለሁ፤ በዓል ሲመጣ ያንኑ ሚኒባስ አጥቤ ባለቤቴን፣ ልጆቼንና አማቴን ጭኜ በሰንዳፋ፣ በሸኖ፣ በደብረ ብርሃን አድርጌ ደብረ ሲና ቤተሰብ ጥየቃ እሄዳለሁ። ትንሿ ልጄን መኪና ያዞራታል። ከሰርቪሱ ተማሪዎችም እንደ እሷ ያለ ጠፍቶ አያውቅም፤ በተለይ መስከረም ላይ፣ ክረምቱን ሙሉ መኪና ሳይገቡ ከርመው ሲመለሱ። ጥቂት ሳምንት ሲመላለሱ አብዛኞቹ ይለምዱታል። ስለዚህ ልጃችሁን ሩቅ መንገድ ይዛችሁ ልትወጡ ከሆነ፣ ቀደም ባሉት ሳምንታት በአጭር በአጭሩ መኪና ውስጥ አስለምዱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውስጠኛው ጆሯችን ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አለው፤ መኪናው ሲታጠፍ፣ ሲፈጥን፣ ሲቆም ያውቃል። የልጁ ዓይን ግን የፊተኛው ወንበር ጀርባ ላይ ወይም ስልክ ላይ ከተተከለ «የተንቀሳቀሰ ነገር የለም» ይላል። አንጎል የማይገጥም ወሬ ከሁለት ወገን ሲደርሰው ሆድ ይረበሻል። ከ2 ዓመት በታች ያሉት ብዙም አይቸገሩም፤ የሚበረታው ከ2 እስከ 12 ዓመት ባሉት ላይ ነው፣ 9 ዓመት አካባቢ ይብሳል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ሾፌር የማይዞርበትም ምክንያት ይኸው ነው። ኩርባውን ቀድሞ ያየዋል፣ ሰውነቱ ሳይታጠፍ በፊት ይዘጋጃል። ልጁም ሾፌሩ የሚያየውን እንዲያይ ማድረግ ከቻላችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

ስለዚህ ከመቀመጫው ጀምሩ። የቤት መኪና ከሆነ የኋላ ወንበር መሃል ላይ፣ ትከሻ ላይ የሚያልፍ ቀበቶ ካለው፣ በፊት መስታወት መንገዱን አሻግሮ እንዲያይ አድርጉ። ቁመቱ ካልደረሰ ለዕድሜው የተሠራ ከፍ የሚያደርግ የልጅ ወንበር ይጠቅማል፤ ትራስ መደራረብ ግን ቀበቶው ሆዱ ላይ እንዲንሸራተት ስለሚያደርግ ይቅር። «ጋቢና ይቀመጥ፣ እዚያ አያዞረውም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ እዚያ ያንሳል። ግን ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቦታው ኋላ ነው፤ የአየር ከረጢቱ የተሠራው ለአዋቂ ሰውነት ነው። ጭን ላይ ይዞ ጋቢና መቀመጥማ ጨርሶ አይታሰብም። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በሕፃን ወንበር የሚጓዝ ጨቅላም እንዳለ ይሁን፤ ለማቅለሽለሽ ብላችሁ ቀድማችሁ አታዙሩት።

ሚኒባስ ውስጥ ከሆነ የመጨረሻውን ወንበር ለአዋቂ ተዉት። ከኋላ ጎማው በላይ ስለሆነ እያንዳንዱ ብሬከር ያነጥራል። ከሾፌሩ ጀርባ ፊትን ወደ ኋላ አዙሮ መቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። መኪና ለሚያዞረው ልጅ የምሰጠው ከሾፌሩ ቀጥሎ ያለውን ረድፍ፣ ፊት ለፊት ማየት የሚችልበትን ጫፍ ነው።

አሁን ወደ እግሩ ልመለስ። ከለገጣፎ ወጥቶ ሰንዳፋን እስኪያልፍ ድረስ መንገዱ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ሲኖ ትራክና ብሬከር ነው። ብዙ ሾፌር እዚህ ላይ ነዳጅ ይረግጣል፣ ወዲያው ፍሬን ይረግጣል፣ ደግሞ ነዳጅ። ለሱ አይታወቀውም፤ ኋላ የተቀመጠው ልጅ ግን አንገቱ ሲወዛወዝ ነው የሚውለው። ኋላ ወንበር ላይ ሲኒ የሞላ ረከቦት እንደጫናችሁ ንዱ። ርቀት ጠብቁ፤ ከፊታችሁ ያለው ሲቀንስ ፍሬን ሳትነኩ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ፣ መኪናው በራሱ ይቀንሳል። ፍሬን ከያዛችሁም ሊቆም ሲል በመጠኑ ለቀቅ አድርጉት፣ የመጨረሻዋ ንቅንቅ ትጠፋለች። ኩርባ ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው ከመግባት በፊት ነው፤ ከገቡ በኋላ መሪና ፍሬን አብሮ መጫወት ሆድ ይገለብጣል።

ደብረ ብርሃን ድረስ መንገዱ ባብዛኛው ቀጥ ያለ ነው። ፈተናው ጣርማበር ነው። ከ3000 ሜትር በላይ የሆነውን ከፍታ ትይዙና፣ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ትጠማዘዛላችሁ። እኔ ከዚህ ኩርባ በፊት ሳልቆም አላልፍም። ሁሉም ይወርዳል፣ ሽንት ይሸናል፣ ብርዱን ይቀምሳል። ከዚያ በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘ፣ ቀስ ብሎ መውረድ ነው። ጆሯቸው ለሚደፈን ለትልልቆቹ ማስቲካ፣ ለትንሿ በየመሃሉ ውሃ ጠብ አደርግላታለሁ።

ከዚሁ ከእግር ጉዳይ ሳልወጣ፦ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችን በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። በቪትዝ ምንም የማይላቸው ልጆች በአዲሱ መኪና ማስመለስ ጀመሩ ብለው የሚገረሙ ጎረቤቶች አሉኝ። የሚገርም አይደለም። እነዚህ መኪኖች እግር ከነዳጁ ሲነሳ ኃይሉን ወደ ባትሪ እየመለሱ ራሳቸው ፍሬን ይይዛሉ፤ ድምፅም ስለሌላቸው ልጁ «አሁን ሊፈጥን ነው» የሚልበት ምልክት የለውም። ይህን የሚቆጣጠር ማስተካከያ በብዙዎቹ ላይ አለ፤ ከተማ ውስጥ ዝቅ አድርጉት። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬን ስለሚያድን አትቀንሱት፣ እግራችሁን ብቻ በዝግታ አንሱ።

የምግቡ ነገር ከአማቴ ጋር የማያልቅ ክርክራችን ነው። «ልጅ ባዶ ሆዷን መንገድ አትወጣም» ብለው በለሊት ተነሥተው ጨጨብሳ በቅቤ ያርሱላታል። በአንዱ ልክ ናቸው፤ ባዶ ሆድም ያቅለሸልሻል። ቅቤው ነው ችግሩ። «እማማ፣ ጨጨብሳውን ስንደርስ ትበላለች» እላለሁ፣ እሳቸውም «አንተ የልጅ ሆድ ታውቃለህ?» ይላሉ። ስምምነታችን ከመነሣታችን ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ደረቅ ዳቦና ቀላል ሻይ ነው፤ መንገድ ላይ ዳቦ ወይም ብስኩት ትንሽ በትንሹ። ወተት፣ ለስላሳ መጠጥና የተጠበሰ ነገር ከደረሱ በኋላ። የደብረ ሲና ቆሎ የሚወደድ ቢሆንም ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ያውም በሚንቀጠቀጥ መኪና ውስጥ፣ አይሰጥ፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

መስኮትስ? «ብርድ ይመታታል»፣ «ምች ይመታታል» ተብሎ ሁሉ ይዘጋል፤ ውስጡ የሰው ትንፋሽ፣ የናፍጣ ሽታና መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለው ሽቶ ይቀራል። ያንን ሽቶ ከመንገዱ ቀን በፊት አውጡት። ለልጅቷ ሹራብ አልብሱና ከፊትም ከኋላም መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፈቱ፤ አየር የሚንቀሳቀሰው እንደዚያ ነው። ጥቁር ጭስ የሚተፋ መኪና ከፊት ሲኖር ዝጉ፣ ሲታለፍ መልሳችሁ ክፈቱ። ሎሚ ወይም ጤና አዳም ማሽተት መጥፎ ሽታ ለመሸፈን አይከፋም፣ ልጁም የሚይዘው ነገር ያገኛል። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። የዝንጅብል ሻይ ቀጠን ተደርጎ ከተጠጣ አንዳንዱን ይረዳዋል።

ስልክ አትስጡ። ዝም የሚያሰኝ ካርቱን ከኪሎ ሜትሮች በኋላ ሶፍት ያስጨርሳል። መጽሐፍም፣ የቤት ሥራም እንደዚያው ነው፤ በሰርቪስ ውስጥ ደብተር ሲገለጥ ካየሁ «ዝጋ፣ ወደ ውጭ እይ» እላለሁ። በምትኩ ዓይን የማይዝ ጨዋታ ያስፈልጋል፤ ለዚህ እንቆቅልሽን የሚያህል አላገኘሁም። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» እየተባባሉ ይሄዳሉ። መልሱ የጠፋው «አገር ስጠኝ» ሲባል ደግሞ ፊት ለፊት አሻግሮ የሚታየውን ከተማ ነው የሚሰጠው፤ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ ሁሉ ይታደላል። ለመስጠት መጀመሪያ አሻግሮ ማየት አለበትና ሳያውቁት ዓይናቸው መንገዱ ላይ ይሆናል። «አቅለሸለሸሽ? ደህና ነሽ?» እያሉ በየደቂቃው መጠየቅ ግን ያስታውሳታል እንጂ አያድናትም።

በዝምታ ተመልከቷት። የምታወራ ልጅ ድንገት ዝም ካለች፣ ካዛጋች፣ ምራቅ ደጋግማ ከዋጠች፣ ፊቷ ገርጥቶ ግንባሯ ላይ ቀዝቃዛ ላብ ካለ ለማስመለስ ብዙ አልቀራትም። ያኔ ሰፋ ያለ ጥግ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ ከመንገዱ በራቀው በር አውርዷት፣ በእግሯ ትሂድ፣ ሩቅ ትይ። መቆም ካልተቻለ ጭንቅላቷን መደገፊያው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ትጨፍን። ወደ አዳማ በፈጣን መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ያለ አስቸኳይ ምክንያት መቆም ስለማይፈቀድ ዕረፍቱን ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ የክፍያውን በር ሳትገቡ ጨርሱ።

ፌስታል ሁሉም ይይዛል፤ ቀዳዳ እንዳለው ግን የሚያየው የለም። እኔ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ባልዲ መርጫለሁ። አትፈስም፣ ስትዘጋ ሽታ የለም፣ ሌላውም ልጅ ሽታውን አሽትቶ አያስመልስም። ለሕፃን ደግሞ ፌስታል ብቻውን መስጠት የመታፈን አደጋ አለው። ቅያሪ ልብስ፣ ፎጣ፣ ውሃና ሶፍት እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁኑ። ካስመለሳት አትቆጧት፣ አፏን ታጥባ ትንሽ ጠብቃችሁ ውሃ ጉንጭ በጉንጭ ስጧት። ወንበሩን በሳሙና ካጠባችሁ በኋላ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ ብታሳድሩ ሽታውን ይወስዳል።

ስለ ኪኒን የምለው የፋርማሲ ባለሙያ የነገሩኝን ነው። ዳይመንሃይድሪኔት የሚባለው ከ2 ዓመት በላይ ላሉ ይሰጣል፤ መጠኑን የሚወስነው ባለሙያ ነው፣ የሚዋጠውም ከመነሣት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። ካቅለሸለሸ በኋላ ቢሰጥ ብዙ አይረዳም። እንቅልፍ ያመጣል፤ አንዳንዱን ልጅ ግን ጭራሽ ያቁነጠንጠዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቤት በዋላችሁበት ቀን ባለሙያውን ጠይቃችሁ ሞክሩት። ፕሮሜታዚን የሚባለው ሌላው የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም። የአዋቂ ኪኒን ለሁለት ሰብሮ ማካፈልም ይቅር።

ማቅለሽለሹ መኪናው ቆሞ ልጅ ካረፈ በኋላ ይተዋል። ከወረደም በኋላ ለሰዓታት እያስመለሰው ከቀጠለ፣ ትኩሳት ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለው፣ ሽንት ከጠፋ፣ ከፈዘዘ፣ ነገሩ የመኪና አይደለምና ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አንድ ደግሞ ሾፌር ብቻ የሚያስበው ነገር አለ፤ መኪና ውስጥ ያለው ሁሉ፣ አዋቂውም ጭምር፣ ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ተበስቶ ጭስ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ቁሙ፣ በሩን ሁሉ ክፈቱ፣ ሰውን አውርዱ፤ ጋራዥ ሳይታይም አትንዱት።

መልስ ጉዞ ላይ ሸኖ ላይ መቆም ግዴታ ነው፤ አማቴ ያለ ሸኖ ቅቤ አይመለሱም። በፌስታል ተጠቅልሎ ከትንሿ ወንበር ሥር ከገባ ለገጣፎ እስክንደርስ ያለው ጥረት ሁሉ ከንቱ ነው። ክዳን ባለው ዕቃ ይገዛል፣ ከላይ በላስቲክ ይታሰራል፣ ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል። ዶሮውም እዚያው ጎን።