የቁም ጸሐፊን እጅ ወደ ፎንት መለወጥ

ከብራና መጽሐፍ ላይ ፎቶ አንሥቶ፣ ፊደሉን እየቆረጡ ፖስተር ላይ መለጠፍ ለአንድ ርእስ ይበቃል። ደብዳቤ የሚተየብበት፣ መጽሐፍ የሚታተምበት፣ ስልክ ላይ የማይሰበር ፎንት ለመሥራት ግን መንገዱ ሌላ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናሳየው የአንድን ቁም ጸሐፊ እጅ ከመቃ ብዕር አንሥቶ በሁለት ነጻ ፕሮግራሞች፣ በኢንክስኬፕና በፎንትፎርጅ፣ ሙሉ የአማርኛ ፎንት ማድረስን ነው። የፊደሉ ውበት ያለው በጠርዙ ላይ ብቻ አይደለም፤ በብዕሩ አፍ ስፋትና በፊደሉ ቁመት መካከል ባለው ልክ ነው። ይህ ልክ ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው ፋይል ከተጠበቀ ፎንቱ የአንድ ሰው እጅ ይመስላል። ከተዛባ ከሃያ ሰው የተለቃቀመ ይመስላል።

ከአሮጌ ብራና ወይስ ከሕያው እጅ

በጎጃም ሁለቱም አለ። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ የዘጌ ገዳማት የብራና መጻሕፍት ያሉባቸው ቦታዎች ናቸው። ቢሆንም ለፎንት ከሕያው ጸሐፊ መጀመር ይሻላል። የግዕዝ መጽሐፍ የሚጽፈው በ26 ፊደላት፣ ከነሰባት ቤታቸው በ182 ነው። አማርኛ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ እና ቨ ይጨምራል። ከአሮጌ መጽሐፍ ብቻ ከቀዳችሁ እነዚህን ስምንቱን ከነዘራቸው ራሳችሁ መፍጠር ሊኖርባችሁ ነው። ጸሐፊው ካሉ ግን በገዛ እጃቸው ይጽፉላችኋል። ሌላም አለ፤ በብራና ላይ ያለው ፊደል ቁመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ስለሆነ ሲጎላ የቆዳው ቀዳዳና የቀለሙ መፍሰስ አብሮ ይጎላል።

አሮጌውን መጽሐፍ ለማየትና ለማመሳከር ተጠቀሙበት። በአስተዳዳሪው ፈቃድ፣ ያለ ፍላሽ፣ ጥራዙን ሳትጫኑ፣ ከቦታው ሳታወጡ።

ከጸሐፊው ጋር ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉ። ምን ያህል እንደሚከፈላቸው፣ ፎንቱ በነጻ ይሰጥ ወይስ ይሸጥ፣ ስማቸው የት እንደሚገባ አስቀድሞ ይታወቅ። ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ከመረጣችሁ ማንም ሰው ፎንቱን በነጻ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው እንደሚችል፣ ለብቻው ነጥሎ ግን መሸጥ እንደማይችል በአማርኛ አስረዷቸው።

የሚያስፈልገውን መቁጠር

34 ፊደላት በ7 ሲባዙ 238 ናቸው። ዲቃሎቹ፣ ማለትም ቈ፣ ኈ፣ ኰ፣ ጐ ከነቤታቸው፣ እንዲሁም ሏ፣ ሟ፣ ሯ፣ ቧ፣ ጧ እና መሰሎቻቸው፣ 44 ይሆናሉ። የግዕዝ ቁጥር ከ፩ እስከ ፼ 20፣ ሥርዓተ ነጥብ ከ፠ እስከ ፨ 9። ድምሩ 311። ከእነዚህ ሌላ 0–9፣ ቅንፍ፣ «»፣ ቃለ አጋኖና ጥያቄ ምልክት በዚያው ብዕር መጻፍ አለባቸው።

ዲቃሎቹን «ብዙ አያገለግሉም» ብሎ መዝለል የተለመደ ስሕተት ነው። አንድ ሰው «ጐጃም» ብሎ በጐ ሲተይብ ፎንታችሁ ውስጥ ጐ ከሌለ ዎርድ ስሕተት ነው አይልም፤ ዝም ብሎ ከኒያላ ወይም ከሌላ ፎንት ተበድሮ ያስገባል። የአገሩ ስም የመጀመሪያ ፊደል በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ይቀራል።

መቃው፣ ቀለሙ፣ ወረቀቱ

አስቀድማችሁ ፎንቱ የርእስ ይሁን የንባብ ወስኑ። ለርእስ የብዕሩ አፍ 4 ሚሊሜትር፣ የፊደሉ ቁመት 20 ይሁን፤ ልኩ 1 ለ 5 ነው። ለንባብ አፉ 3፣ ቁመቱ 21 ይሁን፤ 1 ለ 7። መቃው ሲደነዝዝ ይቀረጻል፣ ሲቀረጽ ደግሞ አፉ ይለወጣል። ስለዚህ በየገጹ መጀመሪያ ጸሐፊው አንድ ቋሚ መስመር እንዲያሰምሩ ጠይቁና ስፋቱን በማስመሪያ ለኩ። ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ከተለያየ ያን ገጽ አስደግሙ፤ በኋላ በኮምፒውተር ማስተካከል ድካሙ እጥፍ ነው።

የጥላሸት ቀለም ስለማያብረቀርቅ ለስካን ምቹ ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ቀለም ይመጥጣል፣ ጠርዙም ጸጉራም ይሆናል፤ 160 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ለስላሳ ወረቀት ውሰዱ። ኤ4ን በአግድም አድርጋችሁ 7 ዐምድና 5 ረድፍ በፈዛዛ ሰማያዊ አትሙበት፤ አንዱ ሳጥን 40 በ38 ሚሊሜትር ይሆናል። ሰባቱ ዐምዶች ለሰባቱ ቤቶች ናቸው። ፊደሉ 7 ገጽ፣ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ነጥቡ 3 ገጽ ይወስዳል። ሁሉም ሦስት ሦስት ጊዜ ይጻፍና 30 ገጽ ይሁን፤ ምርጡ የሚመረጠው ከሦስቱ ነው።

ፊደል በሳጥን ውስጥ ለየብቻው ሲጻፍ የጸሐፊው እጅ ይደርቃል፣ ከልክ በላይ ይጠነቀቃል። ሰንጠረዡ ከመጀመሩ በፊት «የኔታ፣ ዳዊት እንደሚጽፉ አድርገው ይጻፉልን» ብላችሁ አንድ ሙሉ ገጽ አስጽፉ። ያ ገጽ እጃቸውን ያፍታታል። ለእናንተም በፊደልና በፊደል መካከል ምን ያህል ነጭ እንደሚተዉ የሚያሳይ ብቸኛ ማስረጃ ስለሆነ አትጣሉት።

ስካንና ትሬስ

በ600 ዲፒአይ፣ በግራጫ ስካን አድርጉ። 20 ሚሊሜትር ፊደል ወደ 470 ፒክስል ቁመት ይኖረዋል፤ ይበቃል። ፋይሉ ፒኤንጂ ይሁን፤ ጄፔግ ጠርዙን ያቆሽሻል። ስካነር ከሌለ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ከአንድ ሜትር ርቀት በ2 እጥፍ ዙም አንሡ። ተጠግታችሁ ካነሣችሁ ዳር ላይ ያሉት ፊደላት ይጣመማሉ።

በኢንክስኬፕ የገጹን መጠን 1000 በ1000 ፒክስል አድርጉ። ከታች 200 ላይ የመቀመጫ መስመር፣ 900 ላይ የራስ መስመር አስምሩ፤ የፊደሉ አካል 700 ዩኒት (የፎንት መለኪያ፤ እዚህ አንዱ ፒክስል አንድ ዩኒት ነው) ሆነ ማለት ነው። ስካኑን ወደ መስመር ቅርጽ በሚለውጠው «ትሬስ ቢትማፕ» ውስጥ ብራይትነሱን 0.5 ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። ቀጫጭን አግዳሚዎች ከተቆራረጡ ወደ 0.6 ከፍ፣ ቀለበቶች ከተደፈኑ ወደ 0.45 ዝቅ አድርጉ። አንዴ ከመረጣችሁ ግን ለ311ዱም ያው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የተመቸውን እየመረጡ መሄድ ውፍረቱን ያዘበራርቃል፤ ምክንያቱ የት እንደሆነም በኋላ አይገኝም።

ትሬሱ ለአንድ «በ» ከመቶ በላይ ኖድ (የጠርዙን መስመር የሚይዝ ነጥብ) ሊሰጣችሁ ይችላል፤ 20 ያህል ይበቃል። ኖድ በራሱ የሚቀንሰውን «ሲምፕሊፋይ»ን ደጋግሞ መጫን ማዕዘኖቹን ያሟሟል፤ በእጅ መቀነስ ይሻላል። የቀለም ጸጉርና የወረቀት ሻካራነት ይጥፋ። ብዕሩ ወረቀቱን ሲነካና ሲለቅ የተወው ሰያፍ ጫፍ ግን ይቅር፤ የጸሐፊው ፊርማ እሱ ነው። ለአንድ ፊደል 20 ደቂቃ ብትቆጥሩ 311ዱ ከ100 ሰዓት በላይ ይፈጃሉ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ሥራውን በፊደል ሳይሆን በቤት ተካፈሉ፤ አንዱ ካዕብና ሣልስን ሁሉ፣ ሌላው ራብዕና ሳብዕን ሁሉ ቢይዝ ቅጥያዎቹ፣ ማለትም ቤቱን የሚለዩት ጭረቶች፣ አንድ ዓይነት ይሆናሉ።

ቤቶቹ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። «በ» በ700 ዩኒት ቁመት ከተሠራ ቡ ቅጥያውን ወገቡ ላይ፣ ቢ እግሩ ጫፍ ላይ ይይዛል፤ ባ ግራ እግሩ ያጥራል፣ ቦ ቀኝ እግሩ። ባ እና ቦ የሚለያዩት በዚህ ብቻ ነው። 16 ፒክስል በሆነ የስልክ ጽሑፍ ላይ አንድ ፒክስል 62.5 ዩኒት ነው፤ የእግሮቹ ልዩነት 100 ዩኒት ቢሆን ከሁለት ፒክስል ያነሰ ስለሆነ «ባሌ» እና «ቦሌ» አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱን ቢያንስ 190 አድርጉት። በቤ እግር ላይ ያለው ቀለበትም እንዲሁ ነው፤ የውስጡ ነጭ ከ70 ዩኒት ካነሰ ተደፍኖ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ጸሐፊው ቀለበቱን ትንሽ አድርገው ጽፈው ከሆነ ለንባብ ፎንት አስፉት፤ ለርእስ ግን እንዳለ ይቀመጥ።

ሀ፣ መ፣ ሠ፣ ወ፣ ዐ፣ ፀ ታቻቸው ክብ ስለሆነ በራብዕ እግር ይበቅልላቸዋል። ያ እግር በሁሉም እኩል ርዝመትና ውፍረት ይኑረው፤ ሃ፣ ማ፣ ሣ፣ ዋ፣ ዓ፣ ፃን በአንድ መስመር ደርድራችሁ እዩ።

ሸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ቨ ላይ ያለው ሰረዝ ቦታ ይፈልጋል። አካሉ 700 ሆኖ ሰረዙ በላዩ ከተጫነ ፊደሉ ከረድፉ ተነጥሎ ይቆማል። አካሉን ወደ 620 አውርዱ፣ ሰረዙ 740 ላይ ያብቃ። ይህን ስታደርጉ ሙሉ ፊደሉን በመቶኛ አታሳንሱ፤ 100 የነበረው ቋሚ 89 ይሆንና ሸ ከሰ አጠገብ የከሳ ይመስላል። የላይኞቹን ኖዶች ብቻ መርጣችሁ ወደ ታች ሳቡ።

በፎንትፎርጅ

«ፎንት ኢንፎ» ውስጥ ኤም ሳይዝ (የፊደሉ ሳጥን ጠቅላላ ቁመት) 1000፣ አሴንት (ከመቀመጫ መስመሩ በላይ) 800፣ ዲሴንት (ከመስመሩ በታች) 200 ሙሉ። ኢንኮዲንጉ ዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ይሁን። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በስሪት 3.0 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩ ፎንቶች አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ያስቀምጡት ስለነበር ጽሑፉ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ ትርጉም የለሽ ሆኖ ይነበብ ነበር። ሀ 1200፣ ለ 1208፣ ሐ 1210፣ መ 1218 ላይ ይቀመጣሉ። ቆጠራው በ16 ስለሆነ ከ1208 ስምንት ሲታለፍ 1210 ይመጣል፤ የተዘለለ ነገር የለም።

ከኢንክስኬፕ ያወጣችሁትን የፊደል ፋይል (ኤስቪጂ) ስታስገቡ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፊደል ከኤሙ ጋር እንዲስማማ እየለጠጠ ካስቸገረ በማስገቢያው መስኮት ላይ ያለውን የመጠን ማስተካከያ ምልክት አንሡ። ከዚያ «ሪሙቭ ኦቨርላፕ»፣ «አድ ኤክስትሪማ»፣ «ራውንድ ቱ ኢንት»፣ «ኮሬክት ዳይሬክሽን» በዚህ ቅደም ተከተል። የቤ ወይም የዐ ቀለበት ጠቅላላ ጥቁር ከሆነ የጠፋው የመጨረሻው ነው።

ክፍተቱን በሁለት ፊደል ጀምሩ፤ በ እና ዐ። ለበ በግራና በቀኝ 60 ዩኒት፣ ለዐ 35 ስጡ፣ «በበበዐዐዐበዐበ» ብላችሁ ተይቡ። ክቡ ፊደል ጎኑ ላይ ነጭ ይዞ ስለሚመጣ ያነሰ ይበቃዋል። ነጩ እኩል እስኪመስል አስተካክሉ፤ የቀረውን ሁሉ ከእነዚህ ሁለቱ ጋር እያነጻጸራችሁ ሙሉ። ያ የዳዊት ገጽ የሚወጣው አሁን ነው። በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ 280 ያህል ይሁን።

የግዕዝ ቁጥር ላይና ታች ሰረዝ አለው። የጎን ክፍተቱን ዜሮ አድርጋችሁ ሰረዞቹን ከሳጥኑ 8 ዩኒት አሳልፉ፤ ፳፻፲፮ ሲጻፍ ሰረዙ ሳይቆረጥ ይያያዛል። በአራት ነጥቡ (።) ነጥቦች መካከል 70 ዩኒት ነጭ ይኑር።

ሙከራ

በ9፣ በ12፣ በ18 እና በ48 ነጥብ አትሙ፤ በስልክም እዩ። ፎንቱን አይቶ ለማያውቅ ሰው የጋዜጣ ገጽ የሚያህል ጽሑፍ ሰጥታችሁ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፣ የተደናቀፈበትን ፊደል ሁሉ አክብቡ። ከዚያ ወደ ኢንክስኬፕ ተመለሱ። ቢያንስ ሦስት ዙር ጠብቁ።

አስተካክላችሁ ስታወጡ የስሪቱን ቁጥር ከ1.000 ወደ 1.001 ከፍ አድርጉ፣ አሮጌውንም ከኮምፒውተሩ አጥፉ፤ አለዚያ ዎርድ የድሮውን እያሳያችሁ የተስተካከለውን ደግማችሁ ታስተካክላላችሁ። «ፎንት ኢንፎ» ላይ በዲዛይነር ቦታ የጸሐፊው ስም በተስማማችሁበት አጻጻፍ ይግባ፤ የላይሰንሱም ቃል አብሮ። ፋይሉን ለሌላ ሰው ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ «ጐጃም» ብላችሁ ተይቡና ጐ የማን እጅ እንደሆነ አረጋግጡ።