የተወረሰ አሮጌ ቦክስ ጊታር አያያዝ በጎጃም

ባለቤቱ አርፎ በቤት የቀረ አሮጌ ቦክስ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ችላ ስለተባለ ሳይሆን ወራሹ ስለቸኮለ ነው። የአባቱን ወይም የአጎቱን ጨዋታ ዳግም ለመስማት የጓጓ ሰው አዲስ ክር ገዝቶ ይወጥርበታል፣ ቫርኒሽ ያስቀባዋል፣ የተላቀቀውን በኮላ ያስለጥፈዋል፤ ኋላ ባለሙያ ሊመልሰው የማይችለው ጉዳት የሚደርሰውም በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ትልቅ ጥገና ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ እስኪያልፍ ቢቆይ ይመረጣል።

አስቀድሞ የማን እንደሆነ ይለይ። ጊታር እንደ እህል ተሰፍሮ አይካፈልም፤ ስለሆነም ወንድምና እህት ሽማግሌ ባሉበት ተነጋግረው ማን እንደሚይዘው፣ መሸጥ ይችል እንደሆነና ሌሎቹ ሲፈልጉ እንዴት እንደሚያገኙት በአንዲት ወረቀት ላይ ቢፈራረሙ ኋላ ከመቀያየም ይድናሉ። የሟች የቀድሞ ጓደኞች ለተዝካር ሲሰበሰቡ ደግሞ ስለ ጊታሩ መጠየቅ ይገባል። በደርግ ዘመን በቀበሌ ኪነት አብሮት የተጫወተ ሰው ጊታሩ ከየት እንደተገዛ፣ የትኛው ጭረት መቼ እንደደረሰበት ያስታውስ ይሆናል፤ ቃሉን በስልክ መቅዳት ዋጋ አያስወጣም። አሮጌውን ክር፣ በጊታሩ ማስቀመጫ ሣጥን ውስጥ የተገኘ ደረሰኝ ወይም ፎቶግራፍ አይጣሉ።

ቀጥሎ ዓይነቱን ይለዩ። ክሮቹ በታች በኩል በሚታሰሩበት እንጨት፣ ማለትም በብሪጁ ላይ፣ በትናንሽ ችካሎች ተይዘው ከሆነ ጊታሩ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ለብረት ክር ነው፤ ክሮቹ በብሪጁ ቀዳዳ አልፈው የሚቋጠሩ፣ አንገቱም ሰፊ ከሆነ ለናይለን ክር የተሠራ ክላሲክ ጊታር ነው። ይህን መለየት ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም የብረት ክሮች ሲቃኙ በጠቅላላው ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ሲስቡ የናይለኖቹ ስበት ግን 40 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። በክላሲክ ጊታር ላይ የብረት ክር ቢወጠር ብሪጁ ይነቀላል ወይም ፊቱ ያብጣል። ሰባት መቃኛ ያለው ጊታር ካገኙ ደግሞ በሩሲያ የተለመደው ባለ ሰባት ክር ሊሆን ይችላል፤ ቅኝቱም ከባለ ስድስቱ የተለየ ነው።

በድምፅ ቀዳዳው ውስጥ በስልክ መብራት ሲመለከቱ የፋብሪካውን ወይም የተሠራበትን ከተማ ስም የያዘ ወረቀት ያገኙ ይሆናል። ማርክኖይኪርሽን የሚል ከሆነ የጀርመን፣ ሉቢ የሚል ከሆነ የቼኮዝሎቫኪያ ሥራ ነው። የቀዳዳውን ጠርዝም ልብ ብለው ይዩት፤ በፊቱ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን የእንጨት መስመሮች ሳይቋረጡ በጠርዙ ውፍረት ውስጥ ከወረዱ ፊቱ ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራ ነው፤ ጠርዙ ተደራራቢ ንጣፍ ካሳየ ኮምፖንሳቶ ነው። የኮምፖንሳቶ ጊታር በገበያ ብዙ አያወጣም፣ የጥገናው ወጪም ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል፤ ነገር ግን ቤተሰቡ የሚያስጠግነው ለመሸጥ ካልሆነ ይህ ስሌት ሊያግደው አይገባም።

ከዚህ በኋላ ክሮቹን በየተራ ትንሽ በትንሽ ያላሉና ይፈትሹ። ቀጭን ወረቀት በብሪጁ የኋላ ጠርዝ ሥር ለማስገባት ይሞክሩ፤ ከገባ ብሪጁ መነሣት ጀምሯል። ፊቱንና ጀርባውን በጣት አንጓ ቀስ ብለው ሲያንኳኩ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከተሰማ ከውስጥ ያለ ማጠናከሪያ እንጨት ተላቋል። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎችና ከሥራቸው የረገፈ ዱቄት ካዩ እንጨቱን ነቀዝ እየበላው ሊሆን ስለሚችል ጊታሩን በላስቲክ ጠቅልለው ከሌላው የቤት ዕቃ ይለዩት።

በጎጃም ዋናው ጠላት የአየር ለውጥ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ለጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተለይ እንደ እንጅባራ ባሉ ዝናባማ ደጋዎች፣ ጊታሩ ሊያብጥና ሣጥኑ ሊሻግት ይችላል፤ ከጥር እስከ መጋቢት ደግሞ ያው እንጨት ደርቆ ሊሰነጠቅ ይችላል። በክረምት ከአዲስ ጫማና ከመድኃኒት ጋር የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች በሣጥኑ ውስጥ ማኖር፣ በበጋ ደግሞ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ በተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ አድርጎ እንጨቱን ሳይነካ ከጎኑ ማስቀመጥ ይረዳል። የእርጥበት መለኪያ ከተገኘ ግምትን ያስቀራል። ጊታሩ በጭቃ ግድግዳ ላይ አይሰቀል፣ ምስጥ ባለበት መሬት ላይ አይቀመጥ፣ በምድጃ አጠገብ ወይም ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር አይደር። አዲስ አበባ የሚወስደው ሰው ካለም በአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ እንዳይጭነው ይለመን፤ የዓባይ በረሃ ሙቀት አሮጌ ማጣበቂያን ሊያላላ ይችላል።

ለጽዳት ለስላሳ፣ እርጥበቱ እምብዛም የማይታወቅ ጨርቅ ይበቃል። ሳኒታይዘርና አልኮል አንዳንድ የቆዩ ቅቦችን ያሟሟሉ፤ የምግብ ዘይትና ላምባም አይነካው። በብርጭቆ ወረቀት ማሸትማ የሟችን ክንድና ጣት ምልክት ፍቆ መጣል ነው።

ጥገና ካስፈለገ ጎበዝ አናጢ ሁሉ የጊታር ሠሪ አለመሆኑን ያስቡ። ብዙ የቆዩ ጊታሮች የተጣበቁት ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚሠራ ማጣበቂያ ነው፤ ይህም በሙቀትና በእርጥበት ተላቆ መልሶ ይጣበቃል። በሱፐር ግሉ ወይም በምስማር የተያዘ ብሪጅ ግን ለሚቀጥለው ጠጋኝ መከራ ነው። ስለዚህ ሥራውን ከመስጠትዎ በፊት በምን እንደሚያጣብቀው ይጠይቁ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ ያንሡ፣ የተቀየረ ክፍል ካለም አሮጌውን ይቀበሉ።

ፍተሻውን ያለፈ ጊታር ግድግዳ ላይ ከሚያረጅ ቢጫወቱበት ይሻላል የሚል እምነት አለኝ፤ ጥንቃቄው የሚያስፈልገው አወጣጠሩ ላይ ነው። ቀጭኑን ዓይነት ክር ይምረጡ፤ ከተለመደው ቅኝትም አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይቃኙት፤ በዚህ ብቻ ስበቱ በአምስተኛ እጅ ያህል ይቀንሳል። ትዝታም ሆነ ባቲ በዚህ ከፍታ ያለ ችግር ይጫወታል፤ ከሌላ መሣሪያ ጋር ለመስማማት ካፖ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ፣ ማሰር ይበቃል። ከተቃኘ ከአንድ ሳምንት በኋላ የወረቀቱን ፈተና ይድገሙ፤ ወረቀቱ ከገባ ክሮቹን ወዲያው አላልተው ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።