መጀመሪያ ዶሜይኑ፣ ከዚያ ዲዛይኑ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለሆቴል፣ ለፋርማሲ፣ ለግንባታ ዕቃ መደብር ድረ ገጽ የምትሠሩ፣ ዶሜይኑን (የድረ ገጹን አድራሻ ስም) በራሳችሁ ኢሜይል አታስመዝግቡ። ለባለቤቱ ጂሜይል ክፈቱለት፣ መልሶ ማግኛ ስልኩ የራሱ ይሁን፣ የይለፍ ቃሉንም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት። የእድሳት ማስታወሻው ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ሲገባ ገጹ ሳይታሰብ ይጠፋል። ዶት ኮም ከተሰረዘ በኋላ የ30 ቀን ማስመለሻ ጊዜ አለው፤ ክፍያው ግን ከመደበኛው እድሳት በብዙ ይበልጣል። ዋጋው በዶላር ስለሆነ ውሉ ላይ በብር ቁርጥ አታድርጉት፣ «በዕለቱ ምንዛሪ» በሉት።

ፎቶ ሌላው ጣጣ ነው። ከስልክ የወጣ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ ስምንቱ 32 ሜጋባይት ነው፤ ከሀረጎ ቁልቁለት በሞባይል ዳታ የሚከፍተው ሰው እስኪጫን አይጠብቅም። ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል አውርዱ፣ በዌብፒ (ቀለል ባለ የፎቶ ፋይል ዓይነት) በ75 ጥራት አስቀምጡ፤ አብዛኛው ከ200 ኪሎባይት በታች ይሆናል። በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣ ፎቶ ግን ለዋናው ሥዕል አይበቃም፣ «እንደ ፋይል ላኩልኝ» በሉ።

ሰዓቱንም አትርሱ። ባለቤቱ «ከ2:30 እስከ 12:00» ካላችሁ ጎግል ማፕ ላይ የሚገባው 8:30 እና 18:00 ነው። እንዳለ ከገለበጣችሁት ሱቁ ከሌሊቱ ተከፍቶ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል!