ስሎቬኒያን በባቡር፦ ከሉብሊያና እስከ ጣሊያን ድንበር

ስሎቬኒያ ስፋቷ 20 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው «መኪና ተከራይቼ በሁለት ቀን አዳርሳታለሁ» ይላል። ይቻላል፤ የሚያየው ግን አውራ ጎዳናውን ነው። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመክረው በ1906 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተውን፣ ከየሴኒትሴ ከተማ ተነስቶ በተራራው ውስጥ ወደ ጣሊያን ድንበር የሚወርደውን የቦሂን የባቡር መስመር ነው።

መነሻችሁ ዋና ከተማዋ ሉብሊያና ትሁን። መሀል ከተማው ለመኪና ዝግ ስለሆነ አንድ ቀን በእግር ይበቃዋል። አርክቴክቱ ዮዤ ፕሌችኒክ በአሮጌው ድልድይ ግራና ቀኝ ሁለት የእግረኛ ድልድይ ጨምሮበታል፤ እሱን ተሻግራችሁ በወንዙ ዳር ያለውን ገበያ እዩ። የገበያው ባለ ዓምድ መደዳም የሱ ሥራ ነው። እሑድ አብዛኛው ሱቅ በሕግ ዝግ ስለሆነ ስንቃችሁን ቅዳሜ ሸምቱ።

በማግስቱ ወደ የሴኒትሴ በሚሄደው ባቡር ተሳፍራችሁ ራዶቭሊትሳ ላይ ውረዱ። ትንሽ አሮጌ ከተማ ናት፤ የንብ ማነብ ሙዚየሟ ግን ረጋ ተብሎ የሚታይ ነው። በዚህ አገር ቀፎ እንደ መሳቢያ ተደራርቦ ነው የሚቀመጠው፤ ገበሬዎቹ የእያንዳንዱን ፊት ሰሌዳ በቀለም ይሥሉበት ነበር። እስከ ዛሬ ከቆዩት ትልቁ ዕድሜ ያለው ሰሌዳ የ1758 ነው። የቅዱሳን ሥዕል ይበዛል፤ እኔ ግን የምወደው ቀልዱን ነው፦ በአንዱ ላይ የዱር አራዊት አዳኙን ተሸክመው ሊቀብሩት ይሄዳሉ፣ በሌላው ሰይጣን የሐሜተኛዋን ምላስ በመሳያ ድንጋይ ይስላል።

ቀጥሎ የሐይቅ ዳር ከተማዋ ብሌድ ናት፤ እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ብሌድ ሁለት ጣቢያ አላት። ከሉብሊያና በቀጥታ የሚመጣው ባቡር የሚያወርዳችሁ ሌስትሴ ላይ ነው፤ ከዚያ ሐይቁ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ አውቶቡስ ትይዛላችሁ። ሐይቁ አጠገብ ያለው ጣቢያ ብሌድ የዜሮ የሚባለው ሲሆን የቦሂን መስመር ነው፤ ለሱ የሴኒትሴ ላይ ባቡር መቀየር ያስፈልጋል። ከዚያ ስትመጡ በግራ በኩል ተቀመጡ፣ ሐይቁ በዚያ ነው።

ብሌድ ታምራለች፣ ሰውም ይተራመስባታል። ስለዚህ ጠዋት አይታችሁ ወደ ቦሂንስካ ቢስትሪትሳ ቀጥሉ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ቦሂን ሐይቅ ትደርሳላችሁ። ከብሌድ ይሰፋል፣ ጸጥታውም ሌላ ነው። ማደር ካለባችሁ እዚህ እደሩ።

ከቢስትሪትሳ በኋላ ባቡሩ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ይወጣና ወደ ሶቻ ወንዝ ይወርዳል። ሶልካን ላይ የሚሻገርበት የድንጋይ ድልድይ የቅስቱ ስፋት 85 ሜትር ነው፤ በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈርሶ ኋላ እንደገና ተሠራ። ባቡሩ ውስጥ ሆናችሁ ግን ድልድዩን አታዩትም፤ ከኖቫ ጎሪትሳ ተመልሳችሁ ከወንዙ ዳር ቀና ብላችሁ እዩት።

ኖቫ ጎሪትሳ ጣቢያ በር ላይ ያለው አደባባይ ግማሹ የስሎቬኒያ፣ ግማሹ የጣሊያን ነው። በ1947 የተሰመረው ድንበር እስከ 2004 ድረስ በአጥር ተከልሎ ነበር፤ ዛሬ ተራምዳችሁ ጎሪዚያ ገብታችሁ ቡና መጠጣት ትችላላችሁ። ጣሊያን ከ2023 ጀምሮ የድንበር ፍተሻ ስለመለሰች ፓስፖርት ኪሳችሁ ይኑር። የመመለሻ ባቡሩንም ሰዓት ከጣቢያው ሳትወጡ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ በዚህ መስመር አንዱ ካመለጠ ቀጣዩ ቶሎ አይመጣም።