ስልኩ አልተሳሳተም፦ በኢንተርኔት መጽሐፍ ቅዱስ ስናጠና የሚገጥሙን ችግሮችና መፍትሄያቸው

«መዝሙር 50 ስከፍት ሌላ መዝሙር ይመጣል»

እኔም ላይ ደርሷል። በጥናት ቡድናችን «50ን አንብብልን» ተባልኩ። ሁሉም «አቤቱ፥ ማረኝ» ብሎ ሲጠብቅ እኔ ስለ ፍርድና ስለ መሥዋዕት አነባለሁ። ስልኩን ወቀስኩት፤ ጥፋቱ ግን የቆጠራው ነበር።

የግዕዙ ዳዊት የሚቆጥረው እንደ ሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ነው። አብዛኞቹ ድረ ገጾች ደግሞ በዕብራይስጡ ቁጥር ይሄዳሉ። በዕብራይስጡ 9 እና 10 የሆኑት በግሪኩ አንድ መዝሙር ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ይዛነፋል። ስለዚህ በግዕዙ ቆጠራ ከ10 እስከ 145 ባለው ላይ አንድ ደምሩ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» 23 ላይ፣ «ማረኝ» 51 ላይ ይገኛሉ። ከ113 እስከ 115 ያሉት ግን ተከፍለውና ተጣምረው ስለሚገኙ በመጀመሪያው ስንኝ ፈልጓቸው።

የአይሁድ መጻሕፍት ድረ ገጽ በሆነው ሴፋሪያ ላይ ዕብራይስጡን የምታነቡ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። እዚያ የመዝሙሩ አርእስት ራሱ ቁጥር ይሰጠዋል። «ማረኝ» የሚጀምረው ቁጥር 3 ላይ ነው።

«በአማርኛ ፈልጌ ባዶ መለሰልኝ»

ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት። ቃሉ ያለበትን ጥቅስ ካወቃችሁ ከዚያው ቀድታችሁ ለጥፉ።

ሁለተኛው ምክንያት ፊደላችን ራሱ ነው። «ነፍስ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ነፍሴ» ላይመጣ ይችላል፤ ስ እና ሴ ለማሽኑ ሌላና ሌላ ናቸውና። የመጨረሻውን ፊደል ጣሉና «ነፍ» ብላችሁ ሞክሩ። ትርፍ ውጤት መምጣቱ አይቀርም፤ ከባዶ ግን ይሻላል።

«አጋፔን ፈልጌ አቢግያ መጣችብኝ»

የመጽሐፍ ቅዱስ ምሁሩ ጄምስ ስትሮንግ በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ የዕብራይስጥና የግሪክ ቃል ቁጥር ሰጥቷል። የጥናት ድረ ገጾቹ ብሉ ሌተር ባይብልም ሆነ ባይብል ሃብ ዛሬም የሚሠሩት በዚሁ ነው። ችግሩ ሁለቱም ቋንቋዎች ከ1 መጀመራቸው ነው። በግሪኩ 26 አጋፔ (ፍቅር) ነው፤ በዕብራይስጡ 26 የናባል ሚስት አቢግያ ናት። ከቁጥሩ በፊት ለዕብራይስጥ የላቲኑን ኤች፣ ለግሪክ ጂን ጻፉ። አለቀ።

«ይህን ዕብራይስጥማ አውቀዋለሁ!»

ይሄኛው ችግር ሳይሆን ደስታ ነው የሚመስለው። አማርኛ ተናጋሪ ዕብራይስጥ ሲጀምር የጠፋ ዘመድ ያገኘ ያህል ነው። ሰላም ሻሎም፣ ሰማይ ሻማይም፣ ነፍስ ኔፌሽ። ዘመድ ግን ያሳስታል። እኔ ለዓመታት ቤተ ልሔም «የላም ቤት» ይመስለኝ ነበር፤ በግዕዝ ላሕም ላም ነዋ! በዕብራይስጥ ሌሔም እንጀራ ነው።

«ቆል»ም እንዲሁ። ከኛ «ቃል» ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን ትርጉሙ ድምፅ ነው። ዘፍጥረት 3፥8 ላይ አዳምና ሔዋን የሰሙት «ቆል» ነው፤ አማርኛውም «ድምፅ» ብሎ በትክክል ተርጉሞታል። ግዕዙ ሁለቱንም ይዟል፤ «ቃለ ዓዋዲ» ስንል የአዋጅ ነጋሪ ድምፅ ማለታችን አይደል? መፍትሄው፦ ቃሉ የምታውቁት ሲመስላችሁ የስትሮንግ ቁጥሩን ተጫኑና ቃሉ ያለባቸውን አምስት ስድስት ጥቅሶች አንብቡ። ለዚህ እኔ የምመርጠው በካምብሪጅ የሚገኘው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ተቋም ቲንደል ሃውስ ያዘጋጀውን ስቴፕ ባይብል የተባለውን ድረ ገጽ ነው።

«ለአንድ ቃል አሥር ፍቺ ተዘርዝሯል፤ የቱን ልያዝ?»

ሁሉንም አትያዙ፤ አንድ ቃል አንድ ቦታ ላይ አሥሩንም አይሸከምም። ዮሐንስ 21ን ውሰዱ። ጌታ ጴጥሮስን ሁለቴ «አጋፓኦ» በሚለው ግስ፣ ሦስተኛውን «ፊሌኦ» በሚለው ይጠይቀዋል፤ ሁለቱም «መውደድ» ናቸው። በዚህ ላይ ስንት ስብከት ተሰብኳል! ግን እዚያው ወንጌል ውስጥ አብ ወልድን እንደሚወድ 3፥35 በአንዱ ግስ፣ 5፥20 በሌላው ይናገራል። ልዩነቱን ትልቅ ከማድረጋችሁ በፊት ያው ጸሐፊ ሌላ ቦታ እንዴት እንደተጠቀመበት እዩ።

«መጽሐፈ ሄኖክ የለም»

ብዙዎቹ መተግበሪያዎች የሚይዙት 66ቱን መጻሕፍት ብቻ ነው፤ ሄኖክ ከነሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ቅንብሩን መነካካት አይጠቅምም፤ የግዕዝ ጽሑፎችን የያዘ ሌላ ገጽ ያስፈልጋል። ለቃላቱ ፍቺ ጀርመናዊው የግዕዝ ምሁር ዲልማን በ1865 ያሳተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላት በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሥራ በነጻ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል። ፍቺው በላቲን ነው። ሆኖም ቃሉ የት የት እንደሚገኝ ጥቅሱን ስለሚጠቁም፣ ላቲን የማይችልም ጥቅሶቹን ተከትሎ ብዙ ያገኛል።