መብራት ቢጠፋም የሚታይ ቻርት፦ ከማዳበሪያ ጆንያ እንዴት ይሠራል?

አንድ ጊዜ ጎንደር ውስጥ ለመምህራን ገለጻ ላደርግ 40 ስላይድ ይዤ ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ መብራት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጆንያ ይዤ ነው የምዞረው።

አትሳቁ። ነጭ የማዳበሪያ ጆንያ ቅዳሜ ገበያ ፈልጉ፤ ባለ 50 ኪሎው ጥሩ ነው። ስፌቱን ፈታችሁ፣ አንዱን ጎን ቀዳችሁ ስትዘረጉት ወደ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይሆናል። በሳሙና ደህና አድርጋችሁ እጠቡት። ካውያ አታስነኩት፣ ይቀልጣል። የተቆረጠውን ጠርዝ ግን ሻማ ላይ ለብለብ አድርጉት፤ ክሩ አይተረተርም። ጽሑፍ የሌለበትን የውስጡን ገጽ ወደ ውጭ አድርጋችሁ ከላይና ከታች እንጨት ምቱበት።

ቀጥሎ ስዕሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ያወቀውን ሁሉ ይጭንበታል። ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቡና ቀና በሉ። ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው። ዓይናቸው ግን ከወለሉ ይታያል። ሠዓሊው ምን መተው እንዳለበት ያውቅ ነበር።

የጎንደር ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ልታስተምሩ ነው እንበል። ቀሃ፣ መገጭ፣ ጣና፣ ዓባይ። አራት ስም፣ አንድ ሰማያዊ መስመር። ጎንደር ጎን 2,100 ሜትር ገደማ፣ ጣና ጎን 1,800 ሜትር ገደማ ብላችሁ ጻፉ። ውኃው ለምን ወደዚያ እንደሚወርድ ልጆቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

መጀመሪያ በከሰል ንደፉ፣ ከዚያ በማይለቅ ማርከር። የነጭ ሰሌዳው ማርከር በእጅ ሲነካ ይጠፋል። ፊደሉ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይኑረው፤ ክፍሉ 9 ሜትር ከሆነ 7.5 ማለት ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ቡ እና ቢ የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ቦታ ነው፤ ከኋላ ወንበር ያቺ ቅጥያ በደንብ ካልታየች ሌላ ቃል ይነበባል። ስለዚህ ሰቅላችሁ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡና አንብቡት።

ክፍል ስትገቡ ስሞቹን በወረቀት ሸፍኗቸው። "ከመገጭ ቀጥሎስ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ይገምቱ፣ ከዚያ ግለጡ። ሁሉንም አንዴ ካሳያችሁ ዓይናቸው ቀድሟችሁ ይሄዳል፤ እናንተን የሚሰማ የለም። ከጎኑ ቁሙ እንጂ አትከልሉት።

ስትጨርሱ ማጠፍ የለም፤ እንጨቱ ላይ ጠቅልሉት።